ላንግስተን፦ በወንዝ ዳር ያለ የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ ትዝታ

ጎልፍ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አጥር ነው። በአዲስ አበባ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ ያደገ ሰው የጎልፍ ክበቡን የሚያውቀው ከውጭ በኩል ነው፤ ውስጡን የሚያውቁት አባላቱና ቦርሳ የሚሸከሙላቸው ወጣቶች ናቸው። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ወገናችንም በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በበረሃ መካከል እንደ ምንጣፍ የተነጠፈውን አረንጓዴ መስክ በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ያልፋል። ያ ሣር ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ውድ በሆነበት አገር ደግሞ የሜዳው መግቢያም ውድ መሆኑ አይቀርም።

በዚህ አካባቢ እንኳ ጨዋታው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በመካከለኛው ምሥራቅ ሙሉ በሙሉ ሣር የለበሰ የመጀመሪያው የውድድር ሜዳ በዱባይ የተከፈተው በ1988 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት በኩዌቷ አሕመዲና በሌሎች የነዳጅ ከተሞች የኩባንያ ሠራተኞች በአሸዋ ላይ ይጫወቱ ነበር። ጉድጓዱ ባለበት ሥፍራ አሸዋው በነፋስ እንዳይበተን ዘይት ይረጭበታል፤ ተጫዋቹም ኳሱን አስቀምጦ የሚመታባትን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር በክንዱ ይዞ ከቦታ ቦታ ይዞራል። ጎልፍን ቅንጦት የሚያደርገው በዙሪያው የሚቆመው አጥር እንጂ ጨዋታው ራሱ እንዳልሆነ ይህ ብቻ የሚያስረዳ ይመስለኛል። እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ከአሸዋው እጅግ ርቆ በሚገኝ ከተማ፣ በዋሽንግተን፣ በሥራ ምክንያት በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ነው።

በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻውንና ቤተ መጻሕፍቱን ለነዋሪው እንደሚያስተዳድር ሁሉ የጎልፍ ሜዳም ያስተዳድራል። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው ሜዳ በ1895 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ ክፍል፣ በቫን ኮርትላንት መናፈሻ ውስጥ ተከፈተ። በእንዲህ ያለ ሜዳ አባልነት አይጠየቅም፤ ዋስም፣ የደጋፊ ደብዳቤም አያስፈልግም። የዕለቱን ክፍያ የከፈለ ሁሉ ይገባል። በዋሽንግተን፣ ከተማዋ የፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ በመሆኗ፣ የእነዚህ ሜዳዎች መሬት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ነው፤ ለተጫዋቹ ግን ልዩነቱ አይታይም።

ከሦስቱ የዋሽንግተን የሕዝብ ሜዳዎች እኔ የማውቀው ላንግስተንን ነው። ሜዳው በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቤኒንግ መንገድ ዳር፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። በአንድ ወገኑ የብሔራዊው የዕፀዋት መናፈሻ ይዋሰነዋል፤ በሌላው ወገን ውኃው ከባሕሩ ጋር አብሮ የሚሞላና የሚጎድል ረግረግ አለ። ውኃው በጎደለ ጊዜ ጭቃው ይገለጣል፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎችም ዓሣ ሊለቅሙ ይወርዳሉ። ከመሐል ከተማ የሚነሣው አውቶቡስ በበሩ አጠገብ ያልፋል። ዱላ የያዘች ቦርሳ ተሸክሞ በከተማ አውቶቡስ ወደ ጎልፍ ሜዳ መሄድ በሌላው ዓለም ለሳቅ የሚዳርግ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መስመር ግን ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

ወደዚያ የወሰዱኝ የደሴ ሰው ናቸው፤ በዋሽንግተን ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ፣ እኔ «ጋሼ» እያልሁ የምጠራቸው፣ እርሳቸውም «አንተ ልጅ» እያሉ የሚያዝዙኝ። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ሥራው ጠዋትና ማታ ይበረታል፣ መካከሉ ግን ባዶ ነው። ያን ባዶ ሰዓት አንዳንዱ በቡና ቤት፣ አንዳንዱ በመኪናው ወንበር ላይ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ጋሼ በላንግስተን ያሳልፉት ነበር። አንድ ቀን ተሳፋሪ አድርሰው ሲመለሱ ሜዳውን አይተው፣ በሩ ክፍት ስለ ነበር መኪናቸውን አቁመው ገቡ፤ «የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ «ያንተም ነው» አሏቸው። እንዲህ ብለው ነው የነገሩኝ። የዘጠኝ ጉድጓድ ክፍያ ወደ አየር ማረፊያው ከሚደረግ የአንድ ጉዞ ሒሳብ ያንሳል፤ ዱላዎቻቸውን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዟቸው ሲሆን አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም ነበር።

ለእኔ ትልቁ መደነቂያ የተራ አያያዙ ነበር። በትንሿ ቤት መስኮት ገንዘብህን ከፍለህ ስምህን ታስመዘግባለህ። ከዚያ ተራ አስከባሪው የመጣውን ሰው በአራት በአራት ያቧድናል። ብቻህን የመጣህ እንደ ሆነ ብቻህን አትጫወትም፤ ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ይሰጡሃል፤ ከእነርሱም ጋር አራት ሰዓት ያህል ትራመዳለህ። በዚህ መንገድ የተጫወትሁት ከጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጋር ነው፤ የሌሊት ተረኝነቷን ጨርሳ ቀጥታ ከሆስፒታል ከመጣች ነርስ ጋር ነው፤ ጉዳዩ ስለ ተቀጠረለት ከፍርድ ቤት በጊዜ ከወጣ ጠበቃ ጋር ነው፤ ከአያቱ የተወረሰ፣ ለቁመቱ የረዘመ ዱላ ይዞ ከመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር ነው። ልጁ ሁላችንንም አሸነፈን። ጠበቃው ኳሱን ሦስት ጊዜ ረግረጉ ውስጥ ጣለና የፖስታ ቤቱ ጡረተኛ ከቦርሳቸው አሮጌ ኳስ እያወጡ ሰጡት። በከተማዋ ሌላ ቦታ እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበትን አጋጣሚ አላየሁም።

የወሎ ልጅ በመሆኔ ዱላና ኳስ እንግዳ አልሆኑብኝም። በእኛ አገር በገና ሰሞን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ቆልማማ ዱላ ቆርጦ በመስክ ላይ ሩር ሲያባርር ይውላል፤ በዚያ ጨዋታ ሎሌው ጌታውን ቢመታው ጌታው እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ነው። ጎልፍ ግን ከገና ጋር የሚመሳሰለው በዕቃው ብቻ ነው። በገና ሩጫና ጩኸት አለ፤ በጎልፍ አንዱ ሊመታ ሲቆም ሌላው ትንፋሹን ይይዛል። ከጉድጓዱ የራቀው ይቀድማል። በሌላው ኳስና በጉድጓዱ መካከል ባለው መስመር ላይ እግር አይነሣም። ዱላህ የነቀለውን ሣር አንሥተህ ወደ ቦታው መልሰህ ትረግጣለህ። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲያስተምሩኝ የተጠቀሙት ቃል አንድ ነው፦ «አደብ»። ኳሱን መምታት ያስተማሩኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ቢሆን ብዙ አልተሳካላቸውም። ዳኛ የለም፤ ስንት ጊዜ እንደ መታህ ቆጥረህ የምትጽፈው አንተው ነህ። ማንም ባላየህ ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስተህ በሦስተኛው ያወጣኸውን ኳስ «ሦስት» ብለህ መናገር ከምታስበው በላይ ይከብዳል።

ኳሱን ከመሬት ከፍ አድርጋ የምትይዘውን ትንሽ የእንጨት ችካል ሁሉም ተጫዋች በኪሱ ይይዛል። ከጥንት ጀምሮ ተጫዋቾች እርጥብ አሸዋ በእጃቸው ቆንጥረው ኳሱን በላዩ ያስቀምጡ ነበር። በ1899 የእንጨት ችካሏን በፈጠራ መብት ያስመዘገቡት ዶክተር ጆርጅ ግራንት የተባሉ የቦስተን ጥቁር የጥርስ ሐኪም ናቸው። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአገራቸው የጎልፍ ክበብ በሩን ለእርሳቸው ባይከፍትም፣ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው የሚጀመረው በእርሳቸው ሐሳብ ነው። ይህን የነገሩኝ በላንግስተን በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር የማይጠፉ አንድ አዛውንት ናቸው። እኒያ አዛውንት መጫወት ካቆሙ ቆይተው ነበር፤ የሚመጡት ለማየትና አዲስ ሰው ሲገኝ ለመናገር ነው። የሜዳውን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት ከእርሳቸው ነው፤ በኋላም ከመዛግብቱ ጋር አመሳከርሁት።

በ1930ዎቹ የዋሽንግተን ጥቁር ነዋሪ በከተማው ጥሩ ጥሩ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ መጫወት አይችልም ነበር። ግብሩን እንደ ሌላው ይከፍላል፤ ሜዳው ግን ለነጮች ነው። ለጥቁሮች የተፈቀደው በሊንከን መታሰቢያ አጠገብ የነበረ ትንሽ ሜዳ ነው። በ1937 ሄለን ዌብ ሃሪስ የተባሉ መምህርት አሥራ ሦስት ሴቶችን በቤታቸው ሰብስበው ዌክ ሮቢን የተባለ የሴቶች የጎልፍ ክበብ መሠረቱ። አብዛኞቹ ባሎቻቸው የወንዶቹ የሮያል ጎልፍ ክበብ አባላት ነበሩ፤ ቅዳሜና እሑድ ባሎቻቸውን ለጎልፍ ከመሸኘት አብረው መሄድን መረጡ። የሴቶቹ ክበብ ጨዋታ በመማር ብቻ አላቆመም። በዓመቱ የመሬቱ ኃላፊ ለሆነው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ አቀረቡ፤ ግብር የሚከፍል ዜጋ የሚጫወትበት ሙሉ ሜዳ ይገባዋል ሲሉ።

የተሰጣቸው መሬት የቆሻሻ መጣያ የነበረ ነው። ሥራ አጥ ለበዛበት ለዚያ ዘመን መንግሥት ባዘጋጀው የሥራ መርሐ ግብር የተቀጠሩ ወጣቶች አፈሩን ደለደሉት። በሰኔ 1939 ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ ተከፈተ። ስያሜውም ለጆን ሜርሰር ላንግስተን መታሰቢያ ሆነ፤ ላንግስተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መሥራች ዲን የነበሩና ከቨርጂኒያ ግዛት ለአሜሪካ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ዘፋኟ ማሪያን አንደርሰን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት በከተማዋ ትልቅ አዳራሽ እንዳትዘፍን ተከልክላ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ለብዙ ሺህ ሕዝብ ዘምራለች፤ ያን ዕለት ለሕዝቡ ያስተዋወቋትም እኒሁ ሚኒስትር ኢክስ ናቸው።

አዛውንቱ ይህን ሲተርኩ አንድ ነገር አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ላንግስተን ስጦታም ነበር፣ ማግለያም ነበር ይላሉ። «የራሳችሁ አላችሁ» ተብሎ ከሌሎቹ ሜዳዎች ለመመለስ ምክንያት ሆኗልና። እኔም በዚህ አባባል እስማማለሁ። ለዚህ ነው ጥያቄው በላንግስተን መከፈት ያልቆመው። በ1941 በጋ ሦስት ጥቁር ወንዶች ወደ ኢስት ፖቶማክ ሜዳ ሄደው ከፍለው ገቡ። የመናፈሻው ፖሊሶች አጅበዋቸው፣ ከኋላቸው የሚሳደብ ሰው እየተከተላቸው ጨዋታቸውን ጨረሱ። ሚኒስትሩም ሜዳዎቹ ለሁሉም ክፍት መሆናቸውን አጸኑ። ጎልፍ መጫወት ምን ያህል ጸጥታ እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው፣ እነዚያ ሦስት ሰዎች ኳሱ ላይ ሲቆሙ እጃቸው እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ ሳይገረም አይቀርም።

በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ግን ነገሩ ከዚህ ይልቅ ከረረ። በአትላንታ የሆልምስ ቤተሰብ፣ አባትየው ሐኪም፣ አንደኛው ልጅ ቄስ፣ በ1951 ከከተማው ሜዳ ተመለሱ፤ ተከራክረውም ኅዳር 7 ቀን 1955 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ወንበሯ ላይ አልነሣም ያለችው ከዚያ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። እርሷ በተያዘች በሳምንቷ ደግሞ በሰሜን ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ፣ ዶክተር ጆርጅ ሲምኪንስ የተባሉ የጥርስ ሐኪም ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ጊሌስፒ ፓርክ የማዘጋጃ ቤት ሜዳ ሄዱ። ከተማው ጥቁሮችን ለማግለል እንዲያመቸው ሜዳውን በአንድ ዶላር ኪራይ ለአንድ ክበብ አስተላልፎ ነበር። ስድስቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሰባ አምስት ሳንቲም በመስኮቱ ላይ አስቀምጠው መጫወት ጀመሩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ተያዙ፤ በሰው ይዞታ ገብታችኋል ተብለውም የሠላሳ ቀን እስራት ተፈረደባቸው። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሜዳው ለሁሉም እንዲከፈት ሲያዝ፣ ትእዛዙ ሊፈጸም ሲቃረብ የሜዳው ቤት በእሳት ወደመ፤ ከተማውም ሜዳውን ዘጋው። እንደገና የተከፈተው በ1962 ሲሆን፣ ያኔም ከአሥራ ስምንቱ ጉድጓድ ዘጠኙ ብቻ ቀርቶ ነበር። እስራቱን ግን የግዛቱ ገዥ ወደ ገንዘብ መቀጮ ለውጠውላቸዋል።

ከጥቁሮች ጋር ከመጫወት ሜዳውን አፍርሶ ማንም እንዳይጫወት ማድረግን የመረጠ ከተማ እንዴት ያለ ከተማ ነው? ይህ ጥያቄ እስካሁን ይከነክነኛል። በዚያችው በግሪንስቦሮ በ1960 አራት ተማሪዎች በምሳ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንነሣም ባሉ ጊዜ ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ ከእነርሱ አራት ዓመት ቀድመው ሰባ አምስት ሳንቲም ያስቀመጡትን ስድስት ሰዎች ግን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። ምናልባት የጎልፍ ዱላ ስለ ያዙ ይሆናል። ሰው የተራበ ሲጠይቅ ያዝንለታል፤ ልጫወት ሲል ግን እንደ ትልቅ ጥያቄ አይቆጥርለትም።

የአሜሪካ ሙያተኞች የጎልፍ ማኅበር ነጭ ያልሆነን ሰው የማይቀበለውን ደንቡን የሰረዘው በ1961 ነው። ሊ ኤልደር ደግሞ በ1975 በኦጉስታ በሚደረገው በታላቁ የማስተርስ ውድድር የተካፈሉ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። ብዙ ሰው ታሪካቸውን እዚያ ላይ ያቆመዋል። በላንግስተን ግን ኤልደር የሚታወሱት በሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ዝና በኋላ፣ በ1978፣ ከባለቤታቸው ከሮዝ ጋር ይህንኑ የተጎሳቆለ የሕዝብ ሜዳ ተረክበው ለጥቂት ዓመታት አስተዳድረውታል። በሚያዝያ 2021 ኦጉስታ የውድድሩ የክብር አስጀማሪ አድርጎ ሲጠራቸው በሕመም ምክንያት ኳሱን መምታት አልቻሉም፤ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ዱላቸውን ይዘው ለሕዝቡ ታዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ አረፉ።

እኔ በነበርሁበት ጊዜ ላንግስተን ውብ ሜዳ ነበር ብል እዋሻለሁ። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ያለው ሙሉ ሜዳ ከሆነ ከ1955 ጀምሮ ብዙ ዝናብ ወርዶበታል። በበጋ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ከዝናብ በኋላ ዝቅተኛው ክፍል ለሁለት ቀን ውኃ ይተኛበታል። የዝይ ኩስ የሌለበት መሬት አይገኝም። በመለማመጃው ሥፍራ በባልዲ የሚሸጡት ኳሶች አንዳንዶቹ የተሰነጠቁ ናቸው፤ የምትመታበት ምንጣፍም መካከሉ ተበልቶ አልቋል። በ1991 በብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ቢገባም፣ መዝገብ ቧንቧ አይጠግንም። ሆኖም ጠዋት በወንዙ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ሳለ ከመጀመሪያው ጉድጓድ የሚነሡት ሰዎች ድምፅ፣ ዱላው ኳሱን በደንብ ሲያገኘው የሚሰማው ጥርት ያለ ምት፣ ያ ምት ለእኔ በወር አንዴ ብቻ ቢሰማም፣ ከዋሽንግተን ይዤው ከመጣሁት ነገር ሁሉ የማይረሳኝ ነው። የቀትር ሶላት ሲደርስ ጋሼ ከጋሪያቸው ፎጣ አውጥተው በዛፍ ጥላ ሥር ያነጥፉ ነበር፤ አብረውን የሚጫወቱትም በትዕግሥት ይጠብቁን፣ ከኋላ የሚመጡትንም «እለፉ» ብለው ያሳልፏቸው ነበር።

የዌክ ሮቢን ሴቶች ክበብ ዛሬም አለ፤ በአገሪቱ ካሉት የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክበቦች ሁሉ የቆየው እርሱ ነው። ሜዳው ግን በአዲስ ጥያቄ ላይ ይገኛል። በ2020 አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ላንግስተንን፣ ኢስት ፖቶማክንና ሮክ ክሪክን አድሶ እንዲያስተዳድር የሃምሳ ዓመት ኪራይ ተዋዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ውሉ ራሱ በድርጅቱና በመንግሥት መካከል አከራካሪ ሆኗል። ትልልቅ የሜዳ ነዳፊዎች ስም ይነሣል፤ ታላላቅ ውድድሮችም ይታሰባሉ። የውኃ መውረጃው ቢጠገን፣ ሣሩ ቢታደስ የሚጠላ የለም። ነገር ግን ጋሼ በስልክ እንደነገሩኝ፣ በአግዳሚው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ስለ ነዳፊው ማንነት አይጠይቁም። የሚጠይቁት፣ ሜዳው ታድሶ ሲከፈት በሥራ ቀን ጠዋት ዘጠኝ ጉድጓድ ስንት እንደሚያስከፍልና ለጡረተኞች የሚደረገው ቅናሽ ይቀር እንደ ሆነ ነው።